ቾኩን ተዉትና እጃችሁን አታቁሙ

ወዳጆቼ፣ ይቺን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጠንከር ካለችባችሁ ታገሡኝ።

እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ስንተኩስ አብራን የምትመጣ አንዲት ጀማሪ ነበረች። (ሸክላ ይባላል እንጂ ዒላማው የሚሠራው ከዝፍትና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ይሁን።) ከ25 ስምንት ትመታለች። ለሁለተኛ ወሯ ምንም አይልም። አንዱ መጥቶ «ቾክሽ ሰፊ ነው፣ ሞዲፋይድ አድርጊበት» አላት። ሌላው «ፉል ካልሆነ ሸክላው በፍሬዎቹ መሀል ሾልኮ ያመልጥሻል» አላት። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የት እንደሚሸጥ አሳያት። ከ200 ዶላር በላይ አውጥታ አራት ቾክ ገዛች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት መታች። ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን ልትሸጠው እንደሆነ ሰማሁ። መካሪዎቿ ይሄን ታነቡታላችሁ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። ቾክ ማለት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ጥበት ናት፣ ሌላ ምስጢር የላትም። የ12 ጌጅ በርሜል ውስጡ በመደበኛው 0.729 ኢንች ነው። ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ከዚያ ላይ 0.010 ያህል ያጠባል፣ ሞዲፋይድ 0.020፣ ፉል 0.035 ገደማ። የሚመዘኑት በ40 ያርድ ርቀት 30 ኢንች ክብ ውስጥ ስንት የእርሳስ ፍሬ አስገቡ ተብሎ ነው። በደምሳሳው 50፣ 60 እና 70 በመቶ።

ልብ በሉ፣ በ40 ያርድ ነው ያልኩት። ስኪት ላይ እኮ ሸክላውን የምንመታው 20 ያርድ ገደማ ላይ ነው! እዚያ ርቀት ላይ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 26 ኢንች ያህል ይበተናል፣ ሞዲፋይድ 20 ምናምን። ለሁለት ጎን ሲካፈል ልዩነቱ ስድስት ሰባት ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። ያቺን ስድስት ሳንቲሜትር ነው ከጀማሪዋ ላይ በምክር የነጠቃችኋት።

ልጅቷ በስንት ነበር የምትስተው? ከኋላዋ ቆሜ አይቻለሁ። ቃታውን ስትስብ እጇን ታቆማለች፤ ሌላ ችግር የለባትም። ሸክላው ከማስወንጨፊያው ሲወጣ በሰዓት 45 ማይል ገደማ ይበራል። መሀል ጣቢያ ላይ ቆማችሁ ስትተኩሱ፣ ፍሬው እስኪደርስበት ድረስ እሱ አንድ ሜትር ያህል ሄዷል። ጠመንጃው ከቆመ ፍሬው በሙሉ አንድ ሜትር ከኋላው ያልፋል። ለአንድ ሜትር ስህተት የስድስት ሳንቲሜትር መድኃኒት፣ ያውም የተገላቢጦሽ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ለምን እንዲህ እንደምትመክሩ ግን አውቃለሁ። በጠባብ ቾክ በቅርብ የተመታ ሸክላ ጭስ ሆኖ ይበናል፣ ዘወር ብሎ ሰው አየኝ ወይ ያሰኛል። እኔም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ዳኛው የሚመዘግበው አንዲት ስባሪ ስትወድቅ ካየ ነው። ለጭስ ተጨማሪ ነጥብ የለም።

«ሻምፒዮኖቹ ጠባብ ነው የሚጠቀሙት» የምትሉኝ አላችሁ። ትራፕ ላይ ከሆነ ልክ ናችሁ፣ አልከራከርም። የአሜሪካ ትራፕ ተኳሽ ከማስወንጨፊያው ቤት 16 ያርድ ወደኋላ ነው የሚቆመው፤ ሸክላው ደግሞ ይሸሸዋል። ሲመታው 30 ያርድን አልፏል፣ እዚያ ሞዲፋይድና ከዚያ የጠበበ ቦታው ነው። 27 ያርድ ላይ ለሚቆምማ ፉል ይገባዋል። የስኪት ጀማሪን ግን የትራፕ ሻምፒዮን ልብስ አታልብሷት።

ደግሞ ቾኩ ላይ የተጻፈውን ማን አመነው? የእኔው «ሞዲፋይድ» በአንድ ርካሽ ጥይት ስሞክረው ወረቀቱ ላይ ከኢምፕሩቭድ ሲሊንደር የሚለይ ነገር አጣሁበት። ጥይት ሲቀየር ብትኑም ይቀየራል። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ለሆናችሁ፣ ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፣ ተኩሱ፣ ቀዳዳውን ቁጠሩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አሰልቺ ነው፣ ግን ቾክ ከመግዛት ይረክሳል።

ጀማሪዎች፣ ስለ ቾክ ማወቅ ያለባችሁ ይቺው ናት፦ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር አስገቡ፣ ጠመንጃው ባዶና የተከፈተ መሆኑን አይታችሁ መጥበቁን በየዙሩ አረጋግጡ፣ ከዚያ እርሱት። የብረት ፍሬ ያለው ጥይት ከሆነ ቾኩ ለብረት የተፈቀደ መሆኑን ሳታዩ አትተኩሱ፤ ጥብቅ ቾክና አሮጌ በርሜል በብረት ሊበላሽ ይችላል። 20 ከ25 ስትደርሱ መጥታችሁ ጠይቁኝ፣ ያኔ እንጨቃጨቃለን።

እህቴ፣ ደወልኩልሽ አላነሳሽም። ጠመንጃውን አትሽጪው። ከሸጥሽውም ቅዳሜ የእኔን ትተኩሺበታለሽ። ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ገብቶበታል፣ የቾክ መፍቻውን ቤት ትቼ ነው የምመጣው።