ከፈተናው በፊት ስለ ውጤቱ ቀን እንነጋገር

ግንቦት ሲገባ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ጠባዩ ይለወጣል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፣ እንግዳ ይቀራል፣ እናት ሻይ ይዛ በሩን ቀስ ብላ ትከፍታለች። ይህ ሁሉ ለልጁ ታስቦ የሚደረግ ነው። ልጁ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማል፤ «የዚህ ቤት ተስፋ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው» የሚል።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ ያለ በተባለው በ2017 እንኳ ከ10 ተፈታኞች 9ኙ መስመሩን አላለፉም ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ቁጥር ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ «አንተ ብቻ አጥና እንጂ ማለፍህ አይቀርም» ስንላቸው ልባቸው አያርፍም።

ጥቂት ጭንቀት ክፉ አይደለም፤ ያነቃል፣ መጽሐፍ ያስገልጣል። ጉዳቱ ሲከርም ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ትንሽ ትልቁን ያስቆጣል። ጠባዩ ተበላሸ የምንለው ልጅ አንዳንዴ የተጨነቀ ልጅ ነው።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው እንቅልፍ ነው። ቀን የተጠናው ነገር በአእምሮ ውስጥ ተደላድሎ የሚቀመጠው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ ያደረ ልጅ ብዙ ያጠና ይመስለናል፤ በማግስቱ ግን ያነበበው ይጠፋበታል። ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና እስከ ማታ ከሰውነት አይወጣምና ቡናውን ጠዋት ላይ ብቻ ማድረግ ይሻላል። «ለጥናት ያነቃል» ተብሎ የሚቃም ጫትም እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ወስዶ ጭንቀቱን ያብሰዋል።

ሴት ልጆች ያሉን ደግሞ አንድ ነገር እንይ። ወንድሟ «እያጠና ነው» ተብሎ ሲተው እሷ እንጀራ ጋግራ፣ ዕቃ አጥባ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው መጽሐፍ የምትገልጠው? ከሆነ፣ ለዚህች ልጅ ከማንኛውም ምክር የሚበልጠው በቀን ሁለት ሰዓት ሥራ ማቅለል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ተማሪ የሚፈራው የጥያቄ ወረቀቱን አይደለም። ውጤቱ የሚታይበትን ቀን ነው፤ የአባቱን ፊት፣ የእናቱን እንባ፣ የጎረቤቱን «ስንት መጣለት?» ነው። እኛ ደግሞ «ክፉ አናውራ» ብለን ስለዚያ ቀን ዝም እንላለን። ልጁም ዝምታውን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ያንን ቀን አሁኑኑ፣ ገና ሳምንታት እያሉ ማንሳት ነው የሚበጀው።

ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። አመሻሽ ላይ ቡና ተፈልቶ ወይም መንገድ አብሮ ሲኬድ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ልጄ፣ የምትችለውን አድርግ። ካለፍክ ደስ ይለናል። ካላለፍክም እናዝናለን እንጂ አንጣላህም። ያን ቀን መጀመሪያ ወደ ቤት ና፤ አብረን እንበላለን፣ ከዚያ የሚሆነውን እንመክራለን።» የሚመከርበትም ነገር አለ። እንደ ውጤቱ የማካካሻ ትምህርት አለ፣ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። መንገዶቹን አሁን አብሮ መቁጠር ልጁ ፊት ያለውን ገደል ወደ መንታ መንገድ ይለውጠዋል።

«እንዲህ ካልነው ይሰንፋል» የሚል ወላጅ ይኖራል። ግን የፈራ ልጅ ሁሉ የሚያጠና አይደለም፤ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ እያነበበ በሐሳብ የሚነጉድ ብዙ ነው። መውደቅ የቤቱን ፍቅር እንደማያሳጣው ያወቀ ልጅ አእምሮው ለትምህርቱ ነጻ ይሆናል።

አያቶችም እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። «ዶክተር ሆነህ ሳላይህ አልሙት» የምትሉት ከፍቅር ነው፤ ለልጁ ግን በአያቱ ዕድሜ ላይ እንደ መፈተን ይሆንበታል። «ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልፋትህን ይቁጠርልህ» ብትሉት ምርቃቱ ያው ነው፣ ሸክሙ ግን ይቀልለታል። «የእገሌ ልጅ እኮ...» የሚለውንም እስከ ውጤቱ ማግስት እንተወው፤ ከዚያም በኋላ ባይነሳ ይመረጣል።

ዩኒቨርሲቲ ሄደው ለሚፈተኑት ሌላም ዝግጅት አለ። ለብዙዎቹ ከቤት ርቀው የሚያድሩበት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ድምፃቸውን አንሰማም፤ ይህንን አስቀድመን እንንገራቸው፣ ራሳችንም እንዘጋጅ። ብርድ ልብሱን፣ የመፈተኛ ካርዱን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ከቀናት በፊት አብረን እናሰናዳ። በፈተናው አዳራሽ ልባቸው ቢመታ እስክሪብቶውን አስቀምጠው በአፍንጫ በዝግታ አየር እየሳቡ፣ ከሳቡበት ረዘም አድርገው በአፍ ማስወጣትን፣ ይህንኑም አምስት ስድስት ጊዜ መድገምን ቤት ሳሉ ይለማመዱ።

በመጨረሻም ከቤት ምክር በላይ የሆነ ነገር አለ። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከተለየ፣ መብላት ከተወ ወደ ሐኪም ይወሰድ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከወጣው ደግሞ «ለማስፈራራት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሳይቆጡ በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ዕለት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለው ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ጸሎቱና ጸበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ፈተናው ዘንድሮ ያልፋል። ልጁ ግን ከዚያም በኋላ ልጃችን ነው። ይህንን እኛ እናውቀዋለን፤ እሱም እንዲያውቀው ዛሬ ማታ እንንገረው።