ግዳይ ያልጣሉ አባቶች

ሰው በሰው ላይ ክፉ በሠራ ቁጥር የማይቀር አንድ አስተያየት አለ። «ምን ይደረግ፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ገዳይ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ያዘነ መስሎ ነው የሚናገረው፤ ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ከሐዘኑ ይልቅ እፎይታው ይበልጣል። ገዳይነት ተፈጥሮ ከሆነ ተጠያቂ የለማ! የሦስት ሚሊዮን ዓመት ጥፋት በየትኛው ችሎት ይታያል? እኔን ለመጻፍ ያስነሣኝ ይህ አባባል የሚጠራው ምስክር ነው። ምስክሩ የጥንቱ ሰው አጥንት ነው ይሉናል። አጥንቱ ግን እንዲህ ብሎ አልመሰከረም።

አባባሉ አባት አለው። ሬይመንድ ዳርት የተባለው የአናቶሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታውንግ ከተባለ ሥፍራ የተገኘውን የሕፃን ራስ ቅል ለዓለም አስተዋወቀ። ታላቅ ሥራ ነበር፤ ለዚህ ምስጋና አይነፈገውም። ጣጣው የመጣው ኋላ ነው። ማካፓንስጋት በተባለው ዋሻ የተከመረውን የተሰባበረ አጥንትና የተፈነከተ የዝንጀሮ ራስ ቅል አየና፣ አጥንቱ ሁሉ የጦር መሣሪያ፣ ራስ ቅሉም ሁሉ ግዳይ ነው ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፉ አባቶቻችንን ደም የጠማቸው ነፍሰ ገዳዮች አድርጎ ሳላቸው። ሁለት የዓለም ጦርነቶችን ላየ ትውልድ ሥዕሉ የሚመች ነበር። ሮበርት አርድሬ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንኑ በሚነበብ ቋንቋ መጽሐፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ስታንሊ ኩብሪክ በታወቀው የጠፈር ፊልሙ መክፈቻ ላይ ጦጣ መሰሉን ፍጡር አጥንት አስጨብጦ የገዛ ቢጤውን አስገደለው። ጥናቱ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ፊልም፣ ፊልሙ እምነት ሆነ። እኛ ጋዜጠኞችም ደም ያለበት ርዕስ ስለምንወድ የድርሻችንን አዋጥተናል።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንስማ። ሲ. ኬ. ብሬን የተባለ ተመራማሪ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዓመታት አንድ የማያምር ሥራ ሠራ፤ አጥንት ማን እንዴት እንደሚያኝከው አጠና። ነብር ያደነውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲበላ ከታች ምን እንደሚወድቅ፣ ጅብ ምን እንደሚተው፣ ውሾች ከጋጡት የፍየል አጥንት የትኛው እንደሚተርፍ ሳይቀር ለቀመ፣ ቆጠረ። የዳርት «የጦር መሣሪያ» የአውሬ ትራፊ ሆኖ ተገኘ። ስዋርትክራንስ ከተባለው ዋሻ የወጣ አንድ የወጣት ራስ ቅል አለ፤ ኋላው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ብሬን የነብርን የታች መንጋጋ ቢያቀርብበት ሁለቱ ክራንቻዎች ልክክ ብለው ገቡ። ብሬን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ከርዕሱ ጀምሮ «አዳኞች ወይስ ታዳኞች?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ዳርት ያስተዋወቀው የታውንግ ሕፃንስ? እ.ኤ.አ. በ1995 ሊ በርገርና ሮን ክላርክ የገደለው ትልቅ ንስር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ፤ ከዓመታት በኋላም በዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የንስር ምልክት ታየ። የገዳይነት ተረት የተጀመረበት ሰው አሞራ የወሰደው ሕፃን ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ የማያውቅ የለም። ቡና ቤቱም ምግብ ቤቱም በስሟ ተሰይሟል። ብቻዋን የኖረች ግን ይመስለናል። የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሐዳር ወንዝና ሐይቅ፣ ዛፍና ሣር የተቀላቀለበት አገር ነበር። ጉማሬና አዞ ውኃውን ይዘዋል። ዳሩን ዝሆኖች፣ አንገቱ አጭር ቀንደ ትልቁ የቀጭኔ ዘመድ ሲቫቴሪየም፣ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ፣ የዛሬውን ከርከሮ ግልገል የሚያስመስለው ኖቶኮይረስ የተባለ ግዙፍ አሳማ ይግጡበታል። ሣሩ ውስጥ ደግሞ ሆሞቴሪየም ያደፍጣል፤ የአንበሳ ያህል አካል ያለው፣ ጥርሱ ሰይፍ የሆነ። በዚህ መካከል ሉሲን አቁሟት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ቢሞላ ነው፤ ክብደቷ 30 ኪሎ ገደማ። ጥፍር የላት፣ ክራንቻ የላት፣ ጦር የላት። ይህች ናት ዘራፍ ያለችው? ብሔራዊ ሙዚየማችን የሆሞቴሪየምንና የግዙፉን አሳማ ቅሪት ከእሷው ጋር በምድር ቤቱ አሳይቶ ነበር፤ ጎብኚው ግን አልፏቸው ወደ እሷ ይሮጣል። እነሱን ያላየ እሷንም አላየም።

«ሥጋውስ? ድንጋዩስ?» የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው እኛው ዘንድ ነው። የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ቡሪ ላይ ደግሞ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉት 2.5 ሚሊዮን ዓመት የሆነው አጥንት አለ። የቆርኬ ዘመድ የሆነ እንስሳ መንጋጋ ነው፤ በውስጥ በኩል የድንጋይ ስለት ጭረት አለበት፤ ምላሱን ቆርጠው ያወጡበት ነው። ሌላው ቅልጥም ነው፤ ተመትቶ ተሰብሮ መቅኔው ተወስዷል። ምላስና ቅልጥም! ምርጫቸው ከእኛ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ጭረቱ ማን እንደበለተው እንጂ ማን እንደጣለው አይናገርም። አንበሳ ከጠገበ በኋላ የሚተርፈው መቅኔ ነው፤ ያንን ለማውጣት ጉልበት ሳይሆን ድንጋይና ብልሃት ይበቃል። አባቶቻችን አንዳንዴ ቀድመው ደርሰው፣ አንዳንዴም ራሳቸው ጥለው ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ያም ሆነ ይህ ሥጋ መብላት ነፍሰ ገዳይነት ከሆነ፣ ጾም በሚፈታበት ቀን ሥጋ ቤት የሚሰለፈውን ሁሉ ምን ልንለው ነው?

በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ያለው፣ ከሁሉም የበለጠ ነገር ይነግረናል። ጎምቦሬ በተባለው ቦታ 700 ሺህ ዓመት በሆነው ጭቃ ላይ የአዋቂዎችም የልጆችም ኮቴ ተገኝቷል፤ አንድና ሁለት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ሳይቀሩ። በአጠገቡ የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ዱካ አለ፣ የተበለተ ጉማሬ አጥንት አለ፣ ድንጋይ የተጠረበበት ፍንጣሪ አለ። ጉማሬ በሚበለትበት ቦታ ዳዴ የሚል ሕፃን! ይህ የጦር ሜዳ ሳይሆን ማዕድ ቤት ነው። ልጅ የሚያየው፣ የሚማረው፣ ጭቃ የሚያቦካበት።

ተከራካሪዬ አንድ ጥይት ቀርቶታል። «ታዲያ ያን ሁሉ ግዙፍ አውሬ ማን ጨረሰው?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ፌይዝና ባልደረቦቹ የምሥራቅ አፍሪካን ቅሪት መርምረው ያገኙት ይህ ነው፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ሣርና ቅጠል በል እንስሳት ዓይነታቸው መመናመን የጀመረው የዛሬ 4.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያን ጊዜ ቢላዋም አልተፈጠረ፣ ሉሲም አልተወለደች። አየሩ ተለወጠ፣ ሣር ሰፋ፣ ዛፍ ጠበበ፤ ቅጠል የለመደው ሆድ አጣ።

ከአፍሪካ ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አልክድም። ሰው አውስትራሊያና አሜሪካ ከገባ በኋላ ግዙፎቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የአየር ለውጡ ድርሻ ቢያከራክርም የሰው እጅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ግን የእኔን ነገር ያጠናክረዋል። በደም የወረስነው ቢሆን ኖሮ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ በታየ ነበር። የታየው ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ነው፤ ጦር፣ ቋንቋና ብልሃት ከተጠራቀመ በኋላ። በእኛም አገር ዝሆን ገዳይ መባል ማዕረግ የሆነው፣ የዝሆን ጥርስም በግመል እየተጫነ ወደብ የወረደው በሉሲ ዘመን አይደለም። በጠመንጃ፣ በገበያና በሽልማት ነው። ገበያንና ሽልማትን ደግሞ ሰው ያወጣቸዋል፤ ሰው ይሽራቸዋል። «በደማችን ነው» ባዩ መስማት የማይፈልገው ይህንን ነው።

ለማንኛውም መፎከር ለሚወድ ከባሌ አንድ ግዳይ አለኝ። ከ3,400 ሜትር ከፍታ በላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለ የአለት መጠለያ አለ፤ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት፣ በአካባቢው ተራሮች ላይ በረዶ በተጋገረበት ዘመን፣ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲገለጽ፣ በዚያ ብርድ ምን እየበሉ ሰነበቱ ለሚለው መልሱ ከአመዱ ውስጥ ወጣ። ቁልል አጥንት፣ ብዙውም በእሳት የተለበለበ። የማን አጥንት? የፍልፈል። ዛሬም ቀይ ቀበሮ በደጋው ላይ የሚያሳድደው፣ ቢከብድ አንድ ኪሎ የማይዘል ፍልፈል።