ያልተቆጠረ ድካም ከዕቅድ ይቀራል

የኢኮኖሚ ዕቅድ ሁሉ መነሻው «ሥራ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጎህ ሳይቀድ ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ልጅ የምታሳድገው ሴት በመዝገብ «የቤት እመቤት» እየተባለች ከሠራተኛው ጎራ ተገልላ ኖራለች። የአገር ጠቅላላ ምርት ስሌትም በምግብ ቤት የተሸጠውን ወጥ ሲቆጥር፣ ለቤተሰብ የተሠራውን ይዘለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በቤጂንግ የተካሄደው አራተኛው የዓለም ሴቶች ጉባኤ ይህ ያልተከፈለበት ድካም እንዲለካ ጠየቀ። በ2013 ደግሞ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያለ ክፍያ ለቤተሰብ የሚሰጠውን አገልግሎት «ሥራ» ሲል ደነገገ። በዚያው ዓመት በአገራችንም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሄደ።

የጥናቱ ፋይዳ ግልጽ ነው። በብር ብቻ የተሰላ ዕቅድ የሚያየው የቦኖ ውሃን ወጪ ነው፤ ሰዓትን የቆጠረ ዕቅድ ግን ቦኖው ለሴቲቱ የሚመልስላትን ጊዜ ጭምር ይመዝናል።

ስለሆነም የነዋሪዎች ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ዕቅድም ሆነ ሪፖርት ሲቀርብላቸው በጠቅላላ ድምር ሊረኩ አይገባም። ከተጠቃሚው ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወንድ ነው? የማን ሰዓት ተረፈ፣ በማንስ ላይ ተጨመረ? ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ሁለቱን ጾታ የደባለቀ አኃዝ በደሉን ይሸሽጋልና፤ ለተሸሸገ በደል ደግሞ በጀት አይያዝለትም።