በዓላችንን ትርኢት ያደረገው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጥር ሲቃረብ በከተማችን በባሕር ዳር ሁልጊዜ አንድ ሙግት ይነሣል። ከተማዋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ጥርን በባሕር ዳር» እያለች እንግዳ ትጠራለች። ሆቴሎች ይሞላሉ፤ በጣና ላይ ጀልባዎች ይመላለሳሉ፤ መድረክ ይተከላል፤ ማታ ማታ ማሲንቆና ዘፈን ይሰማል። በዚያው ወር ከተራው፥ ጥምቀቱ፥ ቃና ዘገሊላው፥ ጥር 18 የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ጥር 21 ደግሞ የአስተርእዮ ማርያም በዓል አለ። ስለዚህ ከመካከላችን ብዙዎች «በዓላችንን ፌስቲቫል አደረጉብን፤ ታቦታችንን የቱሪስት ትርኢት አደረጉት» እያልን እንከሳለን። እኔም ከከሳሾቹ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ክሱን ወደ ራሳችን ለመመለስ ነው። በዓሉን ትርኢት ማድረግ የጀመርነው እኛው ነን። ለዚህም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ የምመሰክረው አለኝ።

ባለፈው የጥምቀት በዓል ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ወረቡን ጀምረዋል። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፥ በመኪና ላይ የድምፅ ማጉያ ጭነን ከኋላ ደረስን። ማይክሮፎኑን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የአረጋዊው መሪጌታ ድምፅ በእኛ ድምፅ ተዋጠ። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስክናልፍ ጠበቁ። እኛ ግን ተራውን የሰጡን መስሎን ይበልጥ ጮኽን። ሕዝቡ ስልኩን ወደ እኛ አነሣ፤ ደስም አለን።

ማታ የተቀረጸውን አየሁት። የእኔ ፊት ጎልቶ ይታያል። ታቦቱ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ደብዝዞ አለ። መሪጌታው ግን ጭራሽ የሉም።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድሁ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፥ እኔስ ቆሜ ጠበቅኋችሁ፤ እኔ ሳልፍ ግን ወረቡ ማንን ይጠብቃል?» ብቻ አሉኝ።

እስቲ እንጠያየቅ፤ ያን ቀን ታቦቱን ከኋላ ያስቀረው የትኛው ቱሪስት ነው? መሪጌታውን ዝም ያሰኛቸው የትኛው የባህል መድረክ ነው?

ትርኢትና አምልኮ የሚለያዩት በድምፁ ወይም በልብሱ ውበት አይደለም፤ ሥራው ወደ ማን እንደሚመለከት ነው። ትርኢት ወደ ተመልካቹ ያያል፤ አምልኮ ወደ እግዚአብሔር። አባቶቻችን ይህን ለሚይዙት መሣሪያ ሁሉ ምሥጢር በመስጠት አስተምረውናል። በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታችን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው። እንግዲህ የጌታውን ግርፋት በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት ለካሜራ ፈገግ ለማለት እንዴት ጊዜ አገኘ?

«ዳዊትስ በታቦቱ ፊት ዘሎ የለምን?» የሚል አይጠፋም። ዘሏል። ነገር ግን በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ደግመን እናንብብ። ንጉሡ ክብሩን ረስቶ በታቦቱ ፊት ዘለለ፤ በመስኮት ሆና የተመለከተችው ሜልኮል ናቀችው። እርሱ ግን ለተመልካች አልዘለለምና ንቀቷን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ተመልካች እንዳይንቀን ስንል ታቦቱን እንረሳለን።

ሌላው ደግሞ «ወጣቱን የምንስበው በዚህ ነው» ይላል። ይህ ክርክር ቅን መስሎ የሚያሳስት ነው። በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የሚወጣ ተወዛዋዥ ለአንድ ዝግጅት ደጋግሞ ይለማመዳል፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ሥር ሆኖ ይማራል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘፈን የምታስተምረውን አውቃለሁ፤ ወደዚያ ሂዱ እያልሁም አይደለም። ነገር ግን ወጣቱን በትርኢት እንሳብህ ካልነው፥ ከተማው ከእኛ የተሻለ ትርኢት አለው፤ ወጣቱም የተሻለውን ይመርጣል። ከእኛ ዘንድ ብቻ የሚገኘው ሌላ ነው። እርሱን ግን ራሳችን አልተማርነውም። አዝማሪው ለሚያልፈው ነገር ዓመታት ይተጋል፤ እኛ ለማያልፈው ምስጋና የሁለት ሳምንት ጥናት ይበዛብናል። «ዓለማዊ» ብለን የምንንቃቸው በትጋት ቀድመውናል ስል አፍሬ ነው።

የምንኖርበትንም አገር እንወቅ። ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ እንደ ተቀመጠ ትውፊታችን ይናገራል። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ባለው አገር ጎንደር በአቋቋም፥ ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት፥ የጎጃሞቹ ዋሸራና ዲማ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ነው። በአዝማሪ ቤት የሚያስጨበጭበውን ሰምና ወርቅ በምሥጢር ያበለጸጉት የቅኔ ቤት ሊቃውንት ናቸው። እኛ በምንጩ አጠገብ ተቀምጠን በኮዳ ውኃ እንገዛለን።

ይህ በዜማ ብቻ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። በመቅደሱ ዙሪያ ያለውን ሥዕል ፊት ለፊት እየቆምን ፎቶግራፍ ተነሣን። አንድ አስጎብኚ በአጠገባችን ለእንግዶቹ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይተርክ ነበር፤ ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ሰው ለተጠማ ድኃ ስለ እመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ እንዴት ምሕረት እንዳገኘ። ከመካከላችን አንዷ እኅት ዝቅ ባለ ድምፅ «ይህ እዚህ ተሥሏል እንዴ?» አለች። ሥዕሉን ጀርባችን አድርገን ነበርና ማንኛችንም አላየነውም። የኪዳነ ምሕረት ልጆች ነን የምንለው እኛ ታሪኳን ለእንግዳ ከሚነገረው ላይ ቃርመን ተመለስን።

ስለ እነዚህ ሥዕሎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀደመው የሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ጻድቁ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ሰው ግን በጎን፥ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሣላል። ያን ሠዓሊ ዛሬ ብናስነሣውና በጥምቀት ቀን የምናደርገውን ሣል ብንለው፥ አንድ ዓይናችንን ለታቦቱ፥ አንዱን ለስልካችን የሰጠነውን እኛን በየትኛው ወገን ያስቀምጠን ይሆን? እርሱ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ያለፈ ነው። እኛ ስማችንን በቲሸርታችን ላይ አትመናል።

የመስቀል በዓላችን በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል። ግን የተመዘገበው ምን እንደ ሆነ እናስተውል። እንደ ላሊበላ ድንጋይ ቆሞ የሚጠብቀን ሕንፃ አይደለም፤ ምእመናን የሚፈጽሙት ሕያው ሥርዓት ነው። ፈጻሚው ተመልካች ከሆነ የሚጠበቅ ቅርስ አይኖርም። ከተማዋ እንግዳ ብትጠራ አትበድልም፤ እንግዳ መቀበል የአብርሃም ወግ ነው። እንግዳው ሲመጣ ግን ምን ያገኛል? የሚያመልክ ሕዝብ ወይስ እርስ በርሱ የሚቀራረጽ ሕዝብ?

ስለዚህ ወንድሜ፥ እኅቴ፥ ከመጪው ጥር በፊት የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሊቃውንቱ ወረብ ላይ ሲሆኑ የድምፅ ማጉያችን ይዘጋ። ታቦቱ ሲንቀሳቀስ ስልካችን በኪሳችን ይቆይ። ለቲሸርት ከምናዋጣው ጥቂቱን ለአብነት ተማሪዎች እንስጥ። ከአሁን ጀምሮ በሳምንት አንድ ማታ ወደ መሪጌታችን ሄደን የበዓሉን አንድ ወረብ ከነምሥጢሩ እንማር፤ ብዙ ሳይሆን አንድ። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ስንሄድም ከመሄዳችን በፊት የገዳሙን ታሪክ እናንብብ፤ ደርሰን አባቶችን እንጠይቅ። ያን ጊዜ እንግዳው «ይህ ምንድን ነው?» ሲለን መልሱን ከሌላ አንዋስም።

እኔ የመሪጌታውን ትምህርት ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። እግሬ ገና ከከበሮው ጋር አልተስማማም፤ ከኔ የሚያንሱ የቆሎ ተማሪዎች ያርሙኛል። ማይክሮፎን ይዤ ከነበርሁበት ቀን ይልቅ ግን ዛሬ የበዓሉ ሰው እንደ ሆንሁ ይሰማኛል። በመጪው ጥምቀት መሪጌታው በመንገድ ላይ ወረቡን ሲያነሡ በዚያ ሰልፍ ጫፍ ላይ ቦታ አለ። ኑና አብረን እንቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።