«ሲስተም የለም» ሲባል

መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ከተባለ የሚሰደበው ኔትወርክ ነው። እኔ ከጀርባ ሆኜ ሶፍትዌሩን ስጠግን የምውል ነኝና ስድቡ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይመስለኛል።

ካራፍ በተባለ የጃቫ ማስኬጃ ላይ የተጫነ አክቲቭኤምኪው የተባለ መልእክት አስተላላፊ መልእክቶቹን ዳታቤዝ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ እንበል። «የዳታቤዙ ድራይቨር አልተገኘም» ይላል። የድራይቨሩ ፋይል ግን ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ከዚያ ፓስወርድ ይቀየራል፣ ፋየርዎል ይከፈታል፣ ሰርቨር ይነሳል፤ ወይ ፍንክች። እንደ ካራፍ ባለ በሞጁል በተከፋፈለ ጃቫ አንዱ ክፍል የሚያየው ያስፈልገኛል ብሎ ያስመዘገበውን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ድራይቨሩ እንደ ሞጁል መጫኑ፣ የዳታቤዙ ግንኙነት ምንጭም (ዳታሶርስ) እንደ አገልግሎት መመዝገቡ ነው። ፓስወርዱ ምን በደለ?

ጠዋት ጠዋት የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ቅንብሩ ካልተነካ ሥራ የፈታን ግንኙነት ከ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። መልእክት ተቀባዩ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ ያደረውን ግንኙነት ከግንኙነት ማጠራቀሚያው (ፑል) ያወጣል፤ የማለዳው የመጀመሪያ መልእክት ይወድቃል። ሲደገም ይሠራል፣ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» ተብሎ ይታለፋል። ግንኙነቱ ከመሰጠቱ በፊት ይፈተሽ፣ ዕድሜውም ከ8 ሰዓት በታች ይሁን።

አለቆችም «ሪስታርት አድርጉት» ብለው ከመደወላቸው በፊት ሎጉን የምናነብበት ሩብ ሰዓት ይስጡን።