ቡቲክ ሊከፍት ለሚመለሰው ወዳጄ

ዛሬም ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ትናንት ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ቆመን ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና "በቃኝ፣ ጠቅልዬ ልገባ ነው" አለኝ። ከሚስቱ ጋር ያጠራቀሙት 40 ሺህ ዶላር አላቸው። ቦሌ አካባቢ የልብስ ቡቲክ ሊከፍቱ አስበዋል። "አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ሒሳብ ታውቃለህ፤ ምን ትላለህ?" ሲለኝ ተራዬ ደረሰና ወሬው ተቋረጠ። እውነቱን ልናገርና፣ በመቋረጡ ደስ አለኝ።

ምክንያት አለኝ። ታናሽ እህቴ ቤሩት 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። በ2014 አገሯ እንደገባች ደውላ "ጋሼ፣ ልብስ ቤት ልክፈት ወይ?" አለችኝ። እኔም መሪ እንደያዝኩ "ክፈቺ፣ እኔም እጨምርልሻለሁ" አልኳት። ስድስት ሺህ ዶላር ላክሁ። በ2017 ሱቁ ተዘጋ። አሁን እንደገና ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርቷን እያሳደሰች ነው።

አገር ቤት በሙያዬ ስሠራ አፈሩ ሳይመረመር መሠረት አስቆፍሬ አላውቅም። ለእህቴ የ11 ዓመት ላብ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ወዳጄ፣ ያኔ ያልጠየቅሁትን ዛሬ ላንተ ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ቀረጡን አስልተሃል? ልብስ በሕጋዊ መንገድ ስታስገባ የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ፣ መቶ ብር ያወጣ ልብስ ገና ከጉምሩክ ሳይወጣ ከ170 ብር በላይ ይሆናል። ኪራይ፣ መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ገና አልተነካም። ጎረቤትህ ደግሞ ያንኑ ልብስ በሻንጣ ከዱባይ አስመጥቶ ይሸጣል። ደንበኛ ዋጋ እንጂ ደረሰኝ አያወዳድርም።

ሁለተኛ፣ "ዶላር ጨምሯል፣ አሁን ነው ጊዜው" ትለኛለህ። እህቴን የጣላት ይኸው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። እሷ በድሮው ዋጋ ያስመጣችውን ልብስ ሸጣ "አተረፍኩ" ብላ ነበር። ብሩን ይዛ መደርደሪያውን ልትሞላ ስትሄድ ግማሹን እንኳ መሙላት አልቻለችም። አንተም ይዘኸው የምትገባው ዶላር የመጀመሪያውን ዕቃ ብቻ ይገዛልሃል። ከዚያ በኋላ የምትሸጠው በብር፣ የምትገዛው በዶላር ነው።

ሦስተኛ፣ ሳይዝ። እኛ እዚህ ሞል ውስጥ ዓይናችን የለመደውን እንመርጣለን። እዚያ ግን መካከለኛው ሳይዝ በሳምንት ያልቅና ትልቁና ትንሹ ዓመት ተሰቅሎ ይቀራል። ያ የተሰቀለው ነው ትርፍህ። ገበያው ደግሞ የበዓል ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ። በመካከሉ ባሉት ወራት አከራይህ "በዓል እስኪደርስ እጠብቅሃለሁ" አይልህም።

አራተኛ፣ ዘመድ። ይሄ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ ግን ሒሳቡን ያፈርሳል። የአክስት ልጅ ለሠርግ ቀሚስ በዱቤ ይወስዳል፤ "ከውጭ የመጣ ሰው ምን ይጎድለዋል" ተብሎ ይረሳል። እህቴ ሱቁን ስትዘጋ ደብተሯ ላይ የቀረው ስም የማን እንደሆነ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ፤ አንዳንዱ ፌስቡክ ላይ ወዳጄ ነው።

"ተስፋ አታስቆርጥ" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አገር አትግባ አላልኩም። ከእህቴ ጋር ቤሩት የነበረች አንዲት ልጅ ዛሬም እየሠራች ነው። መጀመሪያ ሱቅ አልተከራየችም። የሕፃናት ልብስ ከመርካቶ እየገዛች ቤቷ ሆና በቴሌግራም ሸጠች። የትኛው ሳይዝ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ደንበኛ በስንት ብር ላይ ፊቱን እንደሚያዞር ካወቀች በኋላ ነው ከሌላ ነጋዴ ጋር ግማሽ ሱቅ የተጋራችው። ለዘመድ ዱቤ የለም፤ ስጦታ ግን አለ፣ በዓመት አንዴ፣ በእሷ ምርጫ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ባለቤትህ ቀድማ ትግባና ስድስት ወር ሰው ሱቅ ተቀጥራ ትሥራ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከ40 ሺህህ ይበልጣል። ከዚያ በአምስት ሺህ ሞክሩት። አንተ እስከዚያው መሪህን አትልቀቅ። ካዋጣ፣ እኔ ራሴ ኤርፖርት እሸኝሃለሁ፣ ሒሳብም አልቀበልህም።

ለሌሎቻችንም አንድ ቃል። ከዓረብ አገር የተመለሰ ወገን ሲደውልልን "ክፈት፣ ክፈቺ" ማለት ቀላል ነው። ሲከስር ግን እኛ እዚህ ነን፣ ሱቁ እዚያ ነው። ገንዘብ ከመላካችን በፊት አንድ ሰዓት አብረናቸው ሒሳብ እንሥራ።

እህቴ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። የኔ እህት፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አልነበረም። ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውይልኝ፤ በዚህኛው መኪናውን አቁሜ ነው የማናግርሽ።

አገር ቤት ገብታችሁ ልብስ ቤት የሞከራችሁ፣ የከሰራችሁም ያተረፋችሁም፣ እስኪ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ወዳጄ እያነበበ ነው።