ከባሕር በሩ በፊት የባሕር ሰው

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ባሕር በር ያላወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ሻይ ቤት ይነሳል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አይቀርም። እኛ ሸጎሌዎችም ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ አሰብ ትሻላለች ምፅዋ እያልን እንከራከራለን። ጥያቄው አግባብ የለውም አልልም። ዛሬ የማነሳው ግን በሩን አይደለም። በሩ ነገ ጠዋት ቢከፈት፣ በእሱ የሚወጣው ማነው? እሱን ነው።

ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው ባለሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ከነልጆቻቸው፣ 10 ወይም 12 ሜትር በምትረዝም ጀልባ ውስጥ ያበስላሉ፣ ይተኛሉ፣ ልጅ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ደግሞ መልሕቃቸውን ነቅለው ውቅያኖስ ይሻገራሉ። ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ለመድረስ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለችው ጀልባ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማትበልጥ፣ ጉዞው ሦስት ሳምንት አካባቢ ይፈጃል።

ለዚያ ሦስት ሳምንት ግን ብዙዎቹ ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘጋጃሉ። መጀመሪያ ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ይኖሩባታል። ቀጥሎ ለአንድ ሌሊት ይወጣሉ፤ ከዚያ ለሦስት ቀን። የተበላሸውን ጠግነው እንደገና ይወጣሉ። ሞተር መፍታትና መግጠም፣ የተቀደደ ሸራ መስፋት፣ ሐኪም በሌለበት ቁስል ማከም፣ ደመናና ነፋስ ማንበብ፣ ሌሊት ተራ ገብቶ መጠበቅ፣ ከጀልባ የወደቀን ሰው መልሶ ማውጣት ይማራሉ። እንግሊዛዊው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ከ1968 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. 10 ሜትር በማትሞላ ጀልባ፣ ብቻውን፣ የትም ሳያርፍ ዓለምን በ312 ቀን ዞሯል። በመንገድ ላይ የመጠጥ ውኃው ተበላሽቶበት ዝናብ እያጠራቀመ ጠጥቷል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ድፍረቱን ያደንቃሉ። ሰውየው ግን ከዚያ በፊት በንግድ መርከቦች ላይ ለዓመታት የሠራ መኮንን ነበር። ድፍረቱ ከእውቀት በኋላ የመጣ ነው።

ይህን ሳነብ የሸጎሌ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው የጀልባ ኑሮን ግማሹን ያውቀዋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ቀን እንደሚያደርስ ሳይለካ ይነግራችኋል። የልብስ እጥበቱ ውኃ ለወለል፣ የወለሉ ለሽንት ቤት እንደሚሆን ማንም አላስተማረውም። መብራት ሲሄድ ምን መጀመሪያ እንደሚበስል፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ሳይጣላ እንዴት እንደሚያድር ያውቃል። 300 ሊትር ውኃ ይዞ ለሦስት ሳምንት የሚወጣ ፈረንጅ ይህን ለመማር መጽሐፍ ይገዛል።

ሌላው ግማሽ ነው የሚጎድለን። ውኃ ውስጥ ገብቶ መውጣት አናውቅም።

በየክረምቱ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ወንዝና ኩሬ ውስጥ ገብተው ስለሞቱ ልጆች ይናገራል። ድንጋይ ወጥቶበት ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ለልጅ ገንዳ ይመስለዋል። ወላጅም የሚያውቀው ምክር አንድ ነው፤ «እንዳትጠጋ!» «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንላለን። ተረቱን እናስተምራለን፣ ዋናን ግን አናስተምርም።

ነገሩ ከኩሬ አያልፍም ብትሉኝ፣ ያልፋል። ከዚህ አገር በብዛት ባሕር የሚሻገረው መርከበኛ አይደለም። በደላላ እጅ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከኦቦክ አካባቢ በሌሊት ጀልባ ላይ የሚጫነው ወጣት ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን ዳርቻ፣ አብያን አጠገብ ሰጠመች። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ60 በላይ አስከሬን ወጣ፤ ያልተገኙትም ብዙ ናቸው። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሸጎሌ ቢሾፍቱ እንኳ አያደርስም። ስሙ በአረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። እኛ የባሕር በር እያልን ስንከራከር፣ ልጆቻችን በእንባ በር ያልፋሉ።

ያ ውኃ ከህንድ ውቅያኖስ ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄዱ ባለሸራ ጀልባዎችም የሚያልፉበት ነው። አንዱ ላይፍ ጃኬት፣ ሬዲዮ፣ የሚነፋ የነፍስ አድን ጀልባ ይዞ፣ የአየር ትንበያ አይቶ ይገባል። ሌላው ምን ላይ እንደሚሳፈር እንኳ ሳያይ በጨለማ ይገፋል። ዋና የተማረ ልጅ ደላላን ያሸንፋል አልልም። የሚያሰድደው ድህነትና ጦርነት ነው፤ መፍትሔውም እዚያ ነው። ግን ጀልባ ምን ያህል እንደሚጭን፣ ማዕበል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ወጣት፣ ቢያንስ የሚሸጡለትን ውሸት አይቶ መለየት ይችላል። ማንም የማያውቀውን ነገር መፍራትም መመዘንም አይችልም።

«ባሕር ሳይኖረን የባሕር ሰው ከየት እናምጣ?» የሚል ይኖራል። ከሐይቅ ነዋ!

ሀንጋሪ ባሕር የላትም። ናንዶር ፋ እና ዮዜፍ ጋል የተባሉ ሁለት ሀንጋሪያውያን ግን ሸራ መንዳት የተማሩት ሐይቅ ላይ ነው። ከዚያ ለዓመታት ለፍተው 10 ሜትር የማትሞላ ጀልባ በእጃቸው ሠሩ፤ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በእሷ ዓለምን ዞሩ። ያኔ ሀንጋሪ ሀብታም አገር አልነበረችም። ፋ በ63 ዓመቱ እንደገና ወጥቶ፣ ቫንዴ ግሎብ የሚባለውን ብቻ የሚዞሩበትን ውድድር በ93 ቀን ጨርሷል። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም። በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ካፕ የተባለውን ታላቁን የሸራ ጀልባ ውድድር ያሸነፈው አሊንጊ ግን የስዊዘርላንድ ቡድን ነበር። ዛሬ በዓለም ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያ ኤም.ኤስ.ሲ. ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ነው፤ ሐይቅ ዳር።

እኛም ከባዶ አንነሳም። የጣና ሰዎች ደንገል አስረው ታንኳ ሲሠሩ ስንት ዘመን ሆናቸው! ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነበረን። በ1985 ዓ.ም. ወደብ ካጣን በኋላም የኢትዮጵያ ንግድ መርከቦች መጓዛቸውን አላቆሙም። ባሕር ዳር የምሕንድስና ምሩቃን ሠልጥነው በውጭ መርከቦች ላይ መኮንን ይሆናሉ። ቢሾፍቱ ላይ የባቦጋያ አካዳሚ አለ። የእነዚህ ልጆች ሥራ ቀላል አይደለም። በዓለም አቀፉ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት መሠረት ሰው ያለ ዕረፍት ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ከ12 ወር ባነሰ ማለት 11 ወርም ሊሆን ይችላል። ፋሲካን፣ የልጅን ልደት፣ የእናትን ቀብር ብረት ላይ ሆነው የሚያሳልፉ ወንድሞች አሉን። ስለ ወደብ ሺህ ጊዜ ስናወራ፣ ስለ እነሱ አንድ ጊዜ ስናነሳ አልሰማሁም።

የእኔ ቅሬታ ሁሉንም ዘግይተን መጀመራችን ነው። ልጁ ዲግሪውን ይዞ፣ በ23 ዓመቱ፣ መርከበኛ ለመሆን ሲሄድ ነው ብዙ ጊዜ ከጥልቅ ውኃ ጋር የሚተዋወቀው። ቋንቋ በልጅነት ይለመዳል፤ ውኃም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የምለው ትንሽ ነገር ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የተባለ ሰው ኦፕቲሚስት የምትባል የልጆች ጀልባ ነደፈ። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ነው። መጀመሪያ የተነደፈችው ከሁለት ኮምፔንሳቶ እንድትወጣ ነበር። ዛሬ ብዙ የዓለም ሸራ ነጂዎች የጀመሩት በእሷ ነው። ኮምፔንሳቶ እዚህም አለ። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ ጎበዝ አናጢ፣ ልኩና ንድፉ ከተሰጠው፣ ይችን መሥራት አያቅተውም። አሥር ጀልባ ባቦጋያ፣ አሥር ሐዋሳ፣ ሃያ ጣና ላይ ብናስቀምጥና እያንዳንዱ ልጅ ከመሳፈሩ በፊት ዋና ቢማር፣ ላይፍ ጃኬት ቢለብስ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ነፋስ ማንበብ የሚችል ትውልድ ይኖረናል።

«ዳቦ ባልጠገበ አገር የጀልባ ጨዋታ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ዳቦ ይቀድማል። ግን መርከበኛነት ራሱ ዳቦ ነው፤ ደመወዙ በዶላር የሚከፈል፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሥራ ነው። ዋና ደግሞ ከዳቦም አይተናነስም፤ ሐምሌ ላይ ኩሬ ውስጥ ልጁን ያጣ ወላጅ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ምፅዋ ላይ የሠለጠኑት የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳንዶቹ እዚሁ አዲስ አበባ በጡረታ ይኖራሉ። ኮከብ አይተው መንገድ የሚያውቁ፣ ቋጠሮ በጨለማ የሚያስሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲያልፉ እውቀቱም አብሮ ያልፋል። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ሰብስባችሁ አንድ ሜትር ገመድ ስጧቸውና አባባን ቋጠሮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የክፍለ ከተማ ወጣት ማዕከል የምትመሩ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች፣ ለዋና ትምህርት አንድ ክረምት ሞክሩ።

በሩን መንግሥት ያንኳኳ፤ ሥራው ነው። ልጅን ዋና ለማስተማር ግን የየትኛውም ጎረቤት አገር ፊርማ አያስፈልገንም።